ሁለት ግቢዎችን በ5 ጊጋኸርትዝ ሬድዮ ማገናኘት፦ ሕጉ ምን ይፈቅዳል?

አባይ ማዶ

ጤና ይስጥልኝ። በባሕር ዳር ከተማ የአንድ የግል ትምህርት ቤት የአይሲቲ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ትምህርት ቤቱ ሁለት ግቢዎች ያሉት ሲሆን በመካከላቸው ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር ሲለካ 1.2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የፋይበር መስመር የገባው በዋናው ግቢ ብቻ በመሆኑ በሁለተኛው ግቢ የሚያስተምሩ መምህራን የተማሪዎችን ውጤት ወደ ሲስተሙ የሚያስገቡት በየራሳቸው የስልክ ዳታ ነው። በሁለቱ ሕንፃዎች ጣሪያ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት የ5 ጊጋኸርትዝ ሬድዮዎችን በመስቀል ችግሩን መፍታት እንደሚቻል አውቃለሁ፤ የትምህርት ቤቱ ባለቤት የወንድም ልጅም ከሜሪላንድ አንድ ጥንድ ገዝቶ በሚመጣ ሰው ሊልክልን ተዘጋጅቷል።

ያስቸገረኝ የሕጉ ጉዳይ ነው። አንድ ባለሙያ «5 ጊጋ ነጻ ነው፣ የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም» ብሎኛል። ሌላው ደግሞ «ያለ ፈቃድ ሰቅለህ ከተገኘህ ትታሰራለህ» አለኝ። ሁለቱም የሚናገሩት በሙሉ እርግጠኝነት ነው። ርእሰ መምህሩ ጉዳዩን በጽሑፍ እንዳስረዳቸው ስለጠየቁኝ፣ በሙያውም ሆነ በሕጉ በኩል የምታውቁ ብታብራሩልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ዴሲቤል

ሁለቱም ባለሙያዎች የነገሩዎት እውነቱን ከፍለው ነው። ባሰቡት ሥራ ላይ ሦስት የተለያዩ የቁጥጥር ጥያቄዎች ይነሳሉ፤ ክርክሩ የማያልቀው አብዛኛው ሰው ሦስቱን አንድ ላይ ስለሚጨፈልቃቸው ነው። የመጀመሪያው፣ መሣሪያው ራሱ ወደ አገር እንዲገባና እንዲሠራ የዓይነት ማረጋገጫ፣ በገበያው አነጋገር ታይፕ አፕሩቫል፣ አግኝቷል ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው የሚጠቀምበት ፍሪኩዌንሲና የሚያሰራጨው ኃይል ከተፈቀደው ወሰን ሳይወጣ ይሠራል ወይ የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ በሊንኩ የሚያልፈው አገልግሎት ለራስ ብቻ የሚውል ነው ወይስ ለሌላ ሰው ይሰጣል የሚለው ነው። አንዱን ማሟላት ሌላውን አይሸፍንም። ማረጋገጫ ያለው ሬድዮ ከወሰን በላይ በሆነ ኃይል ሊሠራ ይችላል፤ በትክክለኛ ኃይል የሚሠራ ሬድዮም ያለ ማረጋገጫ የገባ ሊሆን ይችላል።

«ነጻ» የሚባለውን በተመለከተ፣ ብዙ አገሮች በእነዚህ ፍሪኩዌንሲዎች ለሚጠቀም ሰው በስሙ የተመዘገበ ፈቃድ እንዲያወጣ አይጠይቁም። ነገር ግን የኃይል ወሰኑ፣ የቦታው ገደብ እና ለነባር ተጠቃሚዎች ቅድሚያ የመስጠት ግዴታው በሙሉ ይጸናል። በተጨማሪም በጅምላ «5 ጊጋ» እያልን የምንጠራው ስፔክትረም አንድ ወጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በጄኔቭ የተካሄደው የዓለም የሬድዮ ኮሙኒኬሽን ጉባኤ ከ5150 እስከ 5350 እና ከ5470 እስከ 5725 ሜጋኸርትዝ ያሉትን ክፍሎች ለገመድ አልባ ኔትወርክ ሲከፍት፣ በቦታው ቀድመው የነበሩ ራዳሮችና ሳተላይቶች እንዳይረበሹ ቅድመ ሁኔታዎችን አስቀምጧል። በአውሮፓ አሠራር የታችኛው ክፍል እስከ 200 ሚሊዋት ድረስ በዋናነት ለሕንፃ ውስጥ፣ ከ5470 እስከ 5725 ያለው ደግሞ እስከ 1 ዋት ድረስ ለውጭም ጭምር ተፈቅዷል። ከ5250 በላይ ባሉት በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ መሣሪያው ራዳር ሲሰማ ቻነሉን እንዲለቅ ይገደዳል፤ ዲኤፍኤስ የምንለው ይህንን ነው። ጉባኤው እ.ኤ.አ. በ2019 በሻርም ኤልሼክ ሲካሄድ ከ5150 እስከ 5250 ላለው ክፍል የውጭ አጠቃቀምን በገደብ አላልቶታል።

ችግር የሚፈጥረው ከ5725 እስከ 5850 ያለው ነው፤ እዚህ ላይ አገሮች በእጅጉ ይለያያሉ። በአሜሪካ ደንብ ከነጥብ ወደ ነጥብ ለሚሠራ ሊንክ ሬድዮው ራሱ ከ1 ዋት አይለፍ እንጂ የአንቴናው ጌይን (ኃይልን ወደ አንድ አቅጣጫ የማሰባሰብ አቅሙ፣ በዲቢአይ የሚለካው) ገደብ የለበትም። ስለዚህ 1 ዋት የሚያመነጭ ሬድዮ 23 ዲቢአይ አንቴና ቢገጠምለት በአንቴናው አቅጣጫ የሚወጣው ኃይል 200 ዋት ያህል ይሆናል፤ ይህም እዚያ ሕጋዊ ነው። በአውሮፓ ደግሞ በዚሁ ክፍል ያለ ፈቃድ ለሚሠሩ የአጭር ርቀት መሣሪያዎች የተቀመጠው አጠቃላይ ወሰን 25 ሚሊዋት ነው። ልዩነቱ ስምንት ሺህ እጥፍ ነው! ኢትዮጵያ በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አከፋፈል ከአፍሪካና ከአውሮፓ ጋር በቀጠና 1 ውስጥ ስትሆን፣ አሜሪካ በቀጠና 2 ናት። ስለዚህ ከሜሪላንድ በሚመጣው ካርቶን ላይ ያለው የኤፍሲሲ፣ ማለትም የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ፣ ምልክት መሣሪያው የአሜሪካን ደንብ ማሟላቱን ይመሰክራል እንጂ ስለ ባሕር ዳር ጣሪያ የሚናገረው ነገር የለም።

ቴክ መርካቶ

ከላይ የተጻፈው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም በተግባር ያለውን ሰው ግራ የሚያጋባ ነው። በሥራዬ ለሆቴሎች፣ ለእርሻ ድርጅቶችና ለመጋዘኖች እንዲህ ያለ ሊንክ ስሰቅል ኖሬአለሁ፤ ስለ ቻነልና ስለ ዲቢኤም (የኃይል መለኪያው) ቀርቦ የጠየቀኝ ሰው የለም። ለጠያቂው የምመክረው መሣሪያው ሲመጣ የአገር ምርጫው ላይ ገብተው «ኮምፕላያንስ ቴስት» የሚለውን እንዲመርጡና ኃይሉን እስከ መጨረሻው እንዲከፍቱት ነው። ሁሉም ቻነል ይከፈትልዎታል፣ በራዳር ሰበብ መቆራረጡም ይቀራል። ደንበኛ የሚፈልገው የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ነው።

ዴሲቤል

ይህ ምክር በገበያው ውስጥ ስለተለመደ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። በአንዳንድ መሣሪያዎች የአገር ዝርዝር ውስጥ የሚገኘው «ኮምፕላያንስ ቴስት» የተዘጋጀው ለላቦራቶሪ ፍተሻ ነው። ሲመረጥ የአገሩ የኃይል ወሰን ይነሳል፣ ዲኤፍኤስም ይጠፋል። ያም ማለት ሬድዮው ከእርሱ በፊት በቦታው የነበረውን ራዳር ሳይሰማ በላዩ ላይ ያሰራጫል ማለት ነው።

ውጤቱ ምን እንደሚመስል በፖርቶ ሪኮ ታይቷል። በሳን ሁዋን አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ የሚገኘው የአየር ሁኔታ ራዳር የሚሠራው እንደሌሎቹ የዓይነቱ ራዳሮች ከ5600 እስከ 5650 ሜጋኸርትዝ ባለው ክፍል ነው። ሥራው አውሮፕላን በሚያርፍበትና በሚነሳበት ቦታ ድንገት የሚፈጠረውን የነፋስ መገለባበጥ ለይቶ ማሳወቅ ነው። የአካባቢው ገመድ አልባ ኢንተርኔት አቅራቢዎች የሰቀሏቸው ሬድዮዎች በዚሁ ክፍል ላይ ሲያሰራጩ፣ በራዳሩ ስክሪን ላይ ከመሐል ተነስቶ ወደ ሬድዮው አቅጣጫ የሚዘረጋ ቀጭን ጨረር ይታይ ነበር፤ በዚያ ጨረር ውስጥ ያለው ዝናብና ነፋስ አይታይም። ኤፍሲሲ መርማሪዎችን ልኮ ሲያጣራ በተደጋጋሚ ያገኘው ዲኤፍኤስ የጠፋባቸውን ወይም የአገር ምርጫቸው የተቀየረባቸውን መሣሪያዎች ሲሆን፣ በባለቤቶቹም ላይ የገንዘብ ቅጣት ጥሏል። ባሕር ዳርም አውሮፕላን ማረፊያ ያለባት ከተማ መሆኗን ማስታወስ ይገባል።

ኃይል መጨመር ያስፈልጋል ወይ ለሚለው ደግሞ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። በ1.2 ኪሎ ሜትርና በ5500 ሜጋኸርትዝ ላይ ሞገዱ በባዶ አየር ሲጓዝ የሚያጣው 109 ዴሲቤል ያህል ነው። በአንቴናው አቅጣጫ የሚወጣው ኃይል 1 ዋት፣ ማለትም 30 ዲቢኤም ቢሆንና በተቀባዩ በኩል 16 ዲቢአይ አንቴና ቢኖር፣ የሚደርሰው ሲግናል ወደ 63 ዲቢኤም ከዜሮ በታች ይሆናል። ይህ ለትምህርት ቤት ሥራ ከበቂ በላይ ነው። በሚያሰራጨው በኩልም 16 ዲቢአይ አንቴና ስላለ፣ የ1 ዋቱን ወሰን ለማክበር የሬድዮው ኃይል መስተካከል ያለበት በ14 ዲቢኤም፣ ይኸውም 25 ሚሊዋት ላይ ነው። ኃይሉን እስከ መጨረሻው መክፈት ሊንኩን አያፈጥነውም፤ ጫጫታውን ለጎረቤት ያዳርሳል፣ ጎረቤቱም በተራው ኃይሉን ይጨምራል፣ በመጨረሻም ሁሉም ቀርፋፋ ይሆናል። መቆራረጡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከራዳር ሳይሆን ከባሕር ዛፍ ነው። በዚህ ርቀት በመሐል መንገድ ላይ፣ በሁለቱ አንቴናዎች መካከል ካለው የእይታ መስመር ቢያንስ 2.5 ሜትር ያህል ዙሪያው ነጻ መሆን አለበት፤ ዛፉ ዘንድሮ ባይደርስበት ከሁለት ክረምት በኋላ ይደርስበታል።

ጠበቃ ከስድስት ኪሎ

በሕጉ በኩል ያለውን ላክል። «ትታሰራለህ» ያሉት ሰው ከባዶ ተነስተው አይደለም። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያለ ቅድሚያ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ማምረትን፣ መገጣጠምን፣ ወደ አገር ማስገባትን ወይም ለሽያጭ ማቅረብን ከ10 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ያለ ፈቃድ መጠቀምን ወይም ይዞ መገኘትን ደግሞ ከ1 እስከ 4 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 40,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ያስቀጣል። «የቴሌኮም መሣሪያ» የሚለው ትርጓሜም ሰፊ ነው፤ ለቴሌኮም አገልግሎት የሚውልን ማንኛውንም ዕቃ ከመለዋወጫውና ከሶፍትዌሩ ጋር ያጠቃልላል። በቃሉ ብቻ ከተነበበ የቤት ራውተርም ይገባበታል።

ይሁን እንጂ እዚያው ላይ ብዙዎች ዘለው የሚያልፉት ንዑስ አንቀጽ አለ። ለመጠቀም ፈቃድ የማያስፈልጋቸውን የመሣሪያ ዓይነቶች መወሰንና የቴክኒክ ደረጃቸውን ማውጣት ለሚመለከተው መንግሥታዊ አካል ተሰጥቷል። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ይህ መሣሪያ፣ በዚህ ሞዴል፣ በዚህ ፍሪኩዌንሲና በዚህ ኃይል ከፈቃድ ነጻ ከተደረጉት ውስጥ ነው ወይ?» የሚል ይሆናል። አዋጁ በወጣበት ጊዜ ሥልጣኑ የነበረው በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ነበር፤ በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ከተቋቋመ ወዲህ ስፔክትረምን ማስተዳደርም ሆነ የመሣሪያዎችን ዓይነት ማረጋገጥ የባለሥልጣኑ ሥራ ሆኗል። ጥያቄው መቅረብ ያለበትም ለእርሱ ነው።

ጠያቂው ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ነገር ቢኖር በሚመጣ ሰው እጅ መላኩን ነው። ዕቃው በሻንጣ መምጣቱ «ወደ አገር ማስገባት» ከመሆን አያድነውም። ሻንጣውን የያዘው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ በውስጡ ስላለው ነገር የሚያውቀው ነገር የለም፤ ጉምሩክ ላይ «ይህ ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «አደራ ነው» ከማለት ውጭ መልስ አይኖረውም። ለሰው አደራ መስጠት ካለብን ጣጣ የሌለበትን መሆን ይኖርበታል።

ሲልቨር ስፕሪንግ

የምኖረው እዚሁ ሜሪላንድ ነው፤ የምተዳደረውም በገመድ አልባ ኔትወርክ ተከላ ነው። የሚላከው ዕቃ የአሜሪካ ሞዴል ከሆነ ሌላም እንቅፋት አለበት። እንደ ዩቢኪቲና ማይክሮቲክ ያሉ አምራቾች ለአሜሪካ ገበያ የሚያቀርቧቸውን የ5 ጊጋ የውጭ ሬድዮዎች በአሜሪካ የአገር ኮድ ይቆልፏቸዋል። የአገር ዝርዝሩን ሲከፍቱ ኢትዮጵያን አያገኙም። ይህ የሆነው ኤፍሲሲ ተጠቃሚው በሶፍትዌር በኩል ከተፈቀደው ፍሪኩዌንሲና ኃይል እንዳይወጣ አምራቹ ራሱ እንዲከላከል ስለሚያስገድድ ነው።

ግዴታው ለይስሙላ የተጻፈ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ቲፒ ሊንክ የአገር ምርጫን በመቀየር በ2.4 ጊጋ ከወሰን በላይ እንዲሠሩ የሚያስችሉ ራውተሮችን በአሜሪካ በመሸጡ 200,000 ዶላር ለመክፈል ከኤፍሲሲ ጋር ተስማምቷል። ከዚያ ጊዜ ወዲህ የተቆለፈውን ሞዴል ለመክፈት የሚዞረው «የተሻሻለ ፈርምዌር» (የመሣሪያው ውስጣዊ ሶፍትዌር) የመሣሪያውን ማረጋገጫ ዋጋ ያሳጣዋል፣ ዋስትናውንም ያስቀራል። ስለዚህ የባለቤቱ የወንድም ልጅ ገዝቶት ከሆነ ደረሰኙ እያለ ቢመልሰው ይሻላል። ዓለም አቀፉን ሞዴል ከዚህ ማግኘትም አይቀልም፤ እዚህ ያለ ነጋዴ የተቆለፈውን ነው የሚሸጠው።

አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካም ቢሆን ያለ ፈቃድ የሚሠራ ሬድዮ የሚፈቀደው በሁለት ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ሌላውን አይረብሽም፣ ሌላው ሲረብሸውም ይታገሣል። በየዕቃው ጀርባ በደቃቅ ፊደል የሚጻፈው ይኸው ነው። ደንበኞቼ ሁለተኛውን ሲሰሙ ይገረማሉ። ጎረቤት አዲስ ሬድዮ ሰቅሎ ሊንካችሁ ቢደክም ለኤፍሲሲ አቤት የምትሉበት መብት የላችሁም። ይህ በየትኛውም አገር ከፈቃድ ነጻ በሆነ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ሊቀበለው የሚገባ ሐቅ ነው።

የለንደኑ

በ«ነጻ» እና በ«ትታሰራለህ» መካከል ሌላ መንገድ እንዳለ ለማሳየት የብሪታንያን አሠራር ልጥቀስ። እዚህ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍኮም ከ5725 እስከ 5850 ላለው ክፍል ቀለል ያለ ፈቃድ አለው። እስከ 4 ዋት የሚደርስ ኃይል ይፈቀዳል፤ ክፍያውም ለአንድ ጣቢያ በዓመት 1 ፓውንድ፣ በጠቅላላው ግን በትንሹ 50 ፓውንድ ነው። በምትኩ እያንዳንዱ ጣቢያ የት እንደተሰቀለ ይመዘገባል፣ ዲኤፍኤስ መሥራት አለበት፣ ከ5795 እስከ 5815 ያለው መሐለኛው ክፍልም ለመንገድ ክፍያ መሣሪያዎች ስለተተወ አይነካም። በሕንፃ ውስጥ በ200 ሚሊዋት ለሚሠራ ዋይፋይ ግን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ይኸው ክፍል ያለ ፈቃድ ተከፍቷል።

ገንዘቡ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም፤ ጥቅሙ ያለው ምዝገባው ላይ ነው። ረብሻ ሲፈጠር ማን የት እንደሰቀለ ስለሚታወቅ መርማሪ አንቴና በመኪና ጭኖ ከተማ መዞር አይጠበቅበትም። ለአገራችን ከተሞችም እንዲህ ያለ አሠራር የሚስማማ ይመስለኛል። ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎችና አነስተኛ ድርጅቶች በቀላል ክፍያ ተመዝግበው ቢሠሩ ከመደበቅ ይድናሉ።

ዴሲቤል

ሐሳቡን እደግፈዋለሁ፤ በአንድ ነጥብ ግን አልስማማም። መዝገብ ዋጋ የሚኖረው የሚያጣራው ሰው ሲኖር ነው። ሰቃዩ የማማውን ከፍታና የአንቴናውን አቅጣጫ በግምት ከሞላው፣ ወይም ሊንኩ ሲነሳ ካልሰረዘው፣ መዝገቡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ራሱ አሳሳች ይሆናል። ከዚያ በፊት ቀድሞ የሚመጣው እያንዳንዱ ሰቃይ ሥራውን ሲጨርስ የሴቲንግ ገጹን አትሞ ለደንበኛው የማስረከብ ልማድ ነው ባይ ነኝ። ይህን ለማድረግ የአዲስ ደንብ መውጣትን መጠበቅ አያስፈልግም።

ቴክ መርካቶ

ስለ ራዳሩ የተሰጠው ማብራሪያ አሳማኝ ነው። የማነሳው ሌላ ጥያቄ ነው። አሁን ገበያ ላይ የ60 ጊጋኸርትዝ ሬድዮዎች እየበዙ ነው። በዚያ ከፍታ ራዳርም የለ፣ ዲኤፍኤስም የለ፣ የጎረቤት ጫጫታም የለ። ታዲያ ለጠያቂው ያንን መምከር አይሻልም?

ዴሲቤል

ለአጭር ርቀት እጅግ ጥሩ ነው፤ ለ1.2 ኪሎ ሜትር ግን አልመክርም። በ60 ጊጋ አካባቢ ኦክስጅን ራሱ በኪሎ ሜትር 15 ዴሲቤል ያህል ይውጣል፤ በዚያ ላይ የባሕር ዳርን የሐምሌ ዝናብ ይደምሩበት። በቁጥጥሩ በኩልም የሚቀንሰው ነገር የለም። የዓይነት ማረጋገጫው ለእርሱም ያስፈልጋል፤ ከፈቃድ ነጻ መሆኑም እንደ 5 ጊጋው ሁሉ ተጠይቆ የሚታወቅ እንጂ ከካርቶኑ ላይ የሚነበብ አይደለም።

አባይ ማዶ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከሜሪላንድ የሚመጣው እንዲቀር ለባለቤቱ ነግሬአቸው ተስማምተዋል፤ ዕቃውን ማረጋገጫ ካለው አስመጪ እዚሁ እንገዛለን። አሁን ሁለት ነገሮች ቀርተውኛል። አንደኛ፣ ለባለሥልጣኑ የምንጽፈው ደብዳቤ ምን ምን መያዝ አለበት? ሁለተኛ፣ በሁለተኛው ግቢ አጠገብ ያለ የግል ክሊኒክ ሊንኩ ሲሠራ እንድናካፍለውና ወጪውን እንዲጋራን ጠይቆናል። ባለቤቱ ለጉርብትና ሲሉ እሺ ሊሉ ነው።

ጠበቃ ከስድስት ኪሎ

ከሁለተኛው ልጀምር፤ ምክንያቱም ይበልጥ አደገኛው እርሱ ነው። የራስዎን ሁለት ግቢዎች ማገናኘትና ለሌላ ድርጅት በክፍያ ኢንተርኔት ማቅረብ በሕግ ዓይን የተለያዩ ድርጊቶች ናቸው። ክሊኒኩ «ወጪ መጋራት» ብሎ የሚከፍለው ገንዘብ በደረሰኝ ሲታይ የአገልግሎት ክፍያ ነው፤ አገልግሎት የሚሰጥ ደግሞ የአገልግሎት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ያለ ፈቃድ የቴሌኮም አገልግሎት መስጠት መሣሪያን ያለ ፈቃድ ከመጠቀም የከበደ ቅጣት የሚያስከትል ሲሆን፣ ከእንዲህ ያለ ሰጪ አገልግሎት የሚወስደው ወገንም ከተጠያቂነት አያመልጥም። በነጻ ቢሰጥም እንኳ ትምህርት ቤቱ ከመስመር አቅራቢው ጋር የፈረመው ውል መስመሩን ለሌላ ማካፈልን ይከለክል እንደሆነ አስቀድሞ መነበብ አለበት። ጉርብትናው በሌላ ነገር ይገለጽ፤ ክሊኒኩ የራሱን መስመር ያስገባ።

ደብዳቤውን በተመለከተ፣ «ሊንክ መስቀል ይፈቀድልን» የሚል አጠቃላይ ጥያቄ አጠቃላይ መልስ ነው የሚያመጣው። የመሣሪያውን አምራችና ትክክለኛ የሞዴል ቁጥር፣ የሚሠራበትን የፍሪኩዌንሲ ክልል፣ አንቴናውን ጨምሮ የሚወጣውን ከፍተኛ ኃይል፣ የሁለቱን ጣሪያዎች ኮኦርዲኔት እና አገልግሎቱ ለትምህርት ቤቱ የውስጥ ሥራ ብቻ የሚውል መሆኑን ይግለጹ። ከዚያም ሁለት ነገሮችን ለይተው ይጠይቁ፤ ሞዴሉ የዓይነት ማረጋገጫ ያለው ስለመሆኑ፣ እና በተገለጸው ፍሪኩዌንሲና ኃይል መሥራት ፈቃድ የሚጠይቅ ስለመሆኑ። የአስመጪውን የማረጋገጫ ቅጂ ከደብዳቤው ጋር ያያይዙ። ከመዝገብ ቤት የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን ሳይቀበሉ አይውጡ፤ ያለ ቁጥር የገባ ደብዳቤ ያልገባ ያህል ነው። መልሱ እስኪመጣ መሣሪያው በካርቶኑ ይቆይ።

ዴሲቤል

በኃይል ወሰኑ ላይ ባለሥልጣኑ የሚሰጣችሁ መልስ ከእኔ ቁጥሮች የሚለይ ከሆነ የሚጸናው የእርሱ ነው። መልሱ ከ5470 እስከ 5725 ባለው እንድትሠሩ ካስቻላችሁ፣ ማዕከሉን 5510 አድርጋችሁ በ40 ሜጋኸርትዝ ስፋት መጀመር ጥሩ ነው። ከ5600 እስከ 5650 ያለውን ግን አትንኩት። የአውሮፓውን ደንብ በሚከተል መሣሪያ በሌሎቹ ቻነሎች ሬድዮው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለ60 ሰከንድ ሲያዳምጥ፣ በዚህኛው ለ10 ደቂቃ ማዳመጥ አለበት። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ይህን ያህል መጠበቅ ለክፍል ሥራ አይመችም። ራዳር ከተገኘ መሣሪያው በ10 ሰከንድ ውስጥ ቻነሉን ለቆ ለ30 ደቂቃ አይመለስበትም። ሎጉ ላይ ይህንን ካያችሁ ሬድዮው ተበላሽቷል ብላችሁ ዲኤፍኤሱን እንዳታጠፉት፤ ሥራውን እየሠራ ነው። የሚደጋገም ከሆነ ሌላ ቻነል ምረጡ።

የአንቴናውን ጌይን በሴቲንጉ ውስጥ በትክክል መሙላትም አይዘንጋ። ሬድዮው ኃይሉን ራሱ የሚቀንሰው በዚያ ቁጥር መሠረት ነው፤ 16 መሞላት ያለበት ቦታ ላይ ዜሮ ከተተወ የአገር ምርጫው ትክክል ሆኖ ሳለ ከወሰን በላይ ይሠራል። ሰቃዮች አብዝተው የሚስቱት እዚህ ላይ ነው።

አባይ ማዶ

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ልጨምር። ሊሰቅልልን የተስማማው ድርጅት «ለሚመጣው ነገር ሁሉ ኃላፊነቱን እኛ እንወስዳለን» የሚል ወረቀት እንደሚጽፍልን ገልጿል። ይህ ትምህርት ቤቱን ነጻ ያደርገዋል?

ጠበቃ ከስድስት ኪሎ

አያደርገውም። ከላይ የጠቀስኩት አዋጅ የሚጠቀመውንና ይዞ የተገኘውንም ስለሚመለከት፣ መሣሪያው ያለው በእናንተ ጣሪያ ላይ፣ የሚጠቀመውም ትምህርት ቤቱ እስከሆነ ድረስ የሰቃዩ ወረቀት በመንግሥት ፊት ከተጠያቂነት አያድናችሁም። ወረቀቱ የሚጠቅማችሁ ለደረሰባችሁ ኪሳራ በኋላ ሰቃዩን በፍትሐ ብሔር ለመጠየቅ ብቻ ነው። በዚያ ፋንታ በውሉ ውስጥ የመሣሪያውን ሞዴልና መለያ ቁጥር፣ የአገር ምርጫውን፣ የፍሪኩዌንሲና የኃይል ወሰኑን አስጽፉ። ያለ ትምህርት ቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ሴቲንጉን መቀየር እንደማይቻል፣ ርክክብ የሚፈጸመውም የሴቲንጉ ገጽ ታትሞ በሁለቱም ወገን ሲፈረምበት መሆኑን አክሉበት። የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃሉም በርክክቡ ዕለት ተቀይሮ በእናንተ እጅ ይሁን፤ የመጨረሻው ክፍያ ከዚያ በፊት አይለቀቅ።